«ደ» የጎደለችው መርዶ

እንግሊዝኛ ጭራሹን የማያውቅ ሰው በማንም ላይ ጉዳት አድርሶ አያውቅም። ሰፈር የሚያምሰው እንደ እኔ ጥቂት የሚያውቀው ነው። ይህን የምለው አንድ ጤነኛ ሰው በቁማቸው ገድዬ ስለማውቅ ነው... አትደንግጡ፤ እሳቸው ደህና ናቸው። ያልዳንኩት እኔ ነኝ።

ላምበረት አካባቢ ባለው ሰፈራችን ስሜ «ዲክሽነሪ» ነበር። የመድኃኒት ወረቀት በሉት፣ የባንክ መልእክት፣ ሊፍት ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ፣ ሁሉም ወደ እኔ ይመጣል። እኔም የማላውቀው ቃል ሲገጥመኝ ትንሽ ያስለኝና በግምት እተረጉማለሁ። እስከዚያች እሁድ ድረስ ግምቴ አዋርዶኝ አያውቅም።

ዕለቱ የእድራችን ስብሰባ ነበር። ሰብሳቢያችን አቶ በላቸው ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን በሩን ከውስጥ የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ የሉም። ሦስት ተኩል ሆነ፤ የሉም። ያኔ የእድሩ ጸሐፊ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ስልክ ጮኸ።

«ልጃቸው ሳሮን ናት፤ በእንግሊዝኛ ነው የጻፈችው። ዲክሽነሪ፣ እስቲ እየው» አሉኝ።

መነጽሬን አስተካክዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ «ትራፊክ፣ መገናኛ። ዳድ ኢዝ ሌት። ስታርት ዊዝአውት ሂም። ሶሪ።»

«ሌት»ን አውቃታለሁ። በእንግሊዝኛ ጋዜጣ የሐዘን ማስታወቂያ ላይ ከሟቹ ስም ፊት የምትቆመው እሷ ናት።

ከእንጦጦ ጥግ የሚመጡት ሽማግሌ፣ አባባ ወልዴ፣ «ሌት ማለት ማታ አይደለም እንዴ? ሌት ተቀን እንደምንለው። እንግዲያው ማታ ይመጣል ማለቷ ነው» አሉ።

«አባባ፣ እሱ አማርኛው ነው» አልኳቸው በትዕግሥት። ከዚያ ተረጎምኩ፤ «መገናኛ ላይ የትራፊክ አደጋ ደርሷል። አባቴ አርፏል። ከእንግዲህ ያለ እሱ መኖር ጀምሩ። አዝናለሁ።»

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፤ ትርጉሜ የቱ ጋ ነው የሚያፈሰው? ደግሞስ አቶ በላቸው ያረፍዳሉ ብሎ ከማመን ሞቱ ብሎ ማመን አይቀልም? ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደረታቸውን መቱ። ጡሩምባ ነፊው ወጣ። «ለልጅቷ እንደውልላት» ያለም ሰው ነበር፤ «ሐዘንተኛ በስልክ አይጠየቅም» ብዬ የከለከልኩት እኔው ነኝ። የአቶ በላቸው ባለቤት ቤተ ክርስቲያን ስለነበሩ መርዶው ሳይደርሳቸው ቀረ፤ ለዚህ ዛሬም ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

በመንደራቸው መግቢያ የእድሩ ድንኳን ግማሹ እንደተተከለ የሳሮን ትንሽ መኪና መጥታ ቆመች። አቶ በላቸው ወረዱ። ድንኳኑን አዩ፤ ኮታቸውን አወለቁ፤ ገመድ ያዙ። ምን ያድርጉ፣ ሰብሳቢ ናቸው።

«ይሄ ካስማ ላልቷል። ማነው የሞተው?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እርስዎ» አልኩ።

ሳሮን መልእክቷን አየች፤ እኔን አየች። «ጋሼ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ አባዬ አርፍዷል፣ ስብሰባውን ያለ እሱ ጀምሩ ነው እኮ ያልኩት» አለች።

አያችሁልኝ? አማርኛ አስተዋይ ነው። በሞተና በዘገየ ሰው መሃል «ደ»ን ዘብ አቁሟል፤ አንዱ አረፈ፣ ሌላው አረፈደ። እንግሊዝ ግን ለሁለቱም አንድ ቃል ሰጥታ ተኝታለች። ከሁላችንም ለእውነቱ የቀረቡት እንግሊዝኛ የማያውቁት አባባ ወልዴ ሆኑ፤ ቢያንስ ሰውዬው ይመጣል ብለዋል።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አሉኝ አቶ በላቸው፣ የራሳቸውን ድንኳን እያጣጠፉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ወዲህ ዲክሽነሪ መባሌ ቀርቶ «መርዶ ነጋሪው» ሆኛለሁ።

ባለፈው እሁድ ደግሞ በተራዬ ጉርድ ሾላ ላይ ታክሲ አጥቼ ቆምኩ። በእንግሊዝኛ ብጽፍ ይቀብሩኛል ብዬ ለአቶ በላቸው በአማርኛ ላክሁላቸው፤ «ይቅርታ፣ ዛሬ አረፈድኩ፤ ያለ እኔ ጀምሩ።» ከላክሁት በኋላ ሳየው... በችኮላ «ድ»ን ዘልያታለሁ፤ «ዛሬ አረፈኩ» ይላል።

እየሮጥኩ ደረስኩ። ጡሩምባ የለም፤ ድንኳን የለም፤ ደረቱን የመታ ሰው የለም። አቶ በላቸው መልእክቴን ለተሰብሳቢው አንብበው፣ «እንግዲህ የሟች ቃል ይከበር» ብለው ስብሰባውን ጀምረዋል። በሩም ከውስጥ ተቆልፏል።