አማችና ገማች በአንድ ቀን

ሰውን ግብር የሚያስከፍለው ምንድን ነው? በየስብሰባው የሚያናግሩን አንዳንዶቹ ግንዛቤ ነው ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ቅጣት ነው ይላሉ። እኔ ሁለቱንም ለዓመታት ችያቸው ኖሬአለሁ። የረታኝ ሌላ ነው።

ደምበጫ ላይ ሸቀጣ ሸቀጥ እነግዳለሁ። የቀን ገቢ ገማቾች የሚመጡበት ሰሞን ሲደርስ የሰፈራችን ነጋዴ ሁሉ ይደኸያል። ስኳሩና ዘይቱ ጓዳ ይገባል፤ መደርደሪያው ላይ ክብሪትና አቧራ ይቀራል። እኔማ ሳል ሁሉ እጀምራለሁ።

ዘንድሮም አሳምሬ ደኽይቼ እንደተቀመጥኩ፣ ገማቾቹን ተከትሎ ማን ቢገባ ጥሩ ነው? አያ ታከለ! የቁይ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ለልጄ እንዲሰጡኝ ሽማግሌ ልኬባቸው መልስ እየጠበቅሁ ነበር። ልጄ እሷን ካላገባሁ ብሎ እህል አልቀምስ ካለ ሰንብቷል። ለካ አያ ታከለ የሽማግሌ ወሬ አላምን ብለው ቤታችንን በዓይናቸው ሊያዩ ኖሯል የመጡት። ባዶውን መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች ይቃኙት ጀመር።

ይኼኔ ከገማቾቹ አንዷ በትሕትና፣ «አባባ፣ በቀን ስንት ይሸጣሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። እስቲ ፍረዱኝ። ትንሽ ነው ብል ልጄ ሚስት አጣ፤ ብዙ ነው ብል ግብሩ መጣ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣ ነገር። አያ ታከለ ጆሯቸውን አቁመው ይጠብቃሉ።

ሳሌ ጠፋ። ደረቴን ነፍቼ፣ ሚስቴ እንኳ የማታውቀውን እውነተኛውን ሽያጭ ተናገርኩ። ገማቿ ደንግጣ፣ «እርግጠኛ ነዎት?» ብትለኝ፣ ይባስ ብዬ ጓዳውን ከፍቼ አስጎበኘኋት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ከጓዳ ከወጣ ደግሞ ግብር ነው። አያ ታከለ ራሳቸውን ነቀነቁ። አድናቆት መሰለኝ። ልጄን የዳርኩ ያህል ደስ ብሎኝ ፈረምኩ።

በሳምንቱ ሽማግሌ አድርጌ የላክኋቸው መሪጌታ መልሱን ይዘው መጡ። አንገታቸውን ደፍተዋል። ምን ጎደለብን፣ ሀብቴን በዓይናቸው አይተው የለም ወይ ብዬ አፋጠጥኳቸው።

መሪጌታም፣ «ሀብቱንስ ወደውታል» አሉኝ፤ «ግን ለገማች እውነት መናገር በዘር እንዳይወርድ እሰጋለሁ ብለዋል።»