ምንጩን የወረሰች ቅጠል

ነገር መጠበቅ የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ መካኒሳ በደርግ ጊዜ አንድ ነበረን፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር።

አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር መጥቶ፣ ውሃ ከምንቀዳበት ምንጭ ከፍ ብሎ ባለው ድንጋይ ላይ የተለጠፈች ጉበት የመሰለች ጠፍጣፋ ቅጠል አየ። «እንዲህ ያለችው በአገራችን ብዙ ቦታ አትገኝም» ብሎ ሄደ። በሳምንቱ ሊቀመንበራችን ምንጩን በሽቦ አጠረው፤ ዘብም አቆመበት።

«ጓድ፣ እኛስ ምን እንጠጣ?» አልኩት።

«እማማ፣ ይህች ቅጠል የሰፊው ሕዝብ ሀብት ናት።»

«ሰፊው ሕዝብማ እንስራውን ተሸክሞ ይኸው ቆሟል፤ ጠይቀው!»

ማን ሊጠይቀን? ወንዝ ወርደን ድፍርሱን ቀዳን፤ የልጅ ልጄ በዚያ ውሃ ሆዷን ታማ ተኛች።

ለካ ቅጠሊቱ የምትኖረው እኛ ስንቀዳ በሚረጨው ውሃ ኖሯል! በጋው ሳይጋመስ ደርቃ ተፈረፈረች። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠርቶ «ይህ አሻጥር ነው!» አለ። ከአጥር ውጭ የቆመች ሴት በምን እጇ ትደርስባታለች?

እኔም ተነሥቼ «እንግዲህ ከሞተች አጥሩን አንሱልን፤ ልጆቻችን ይጠጡ» አልኩ።

በማግስቱ ወደ ምንጩ ወርጄ አየሁ። ዘቦቹ ሁለት ሆነዋል።