ክቡር አቶ ግን እና የሚዳቋዋ አንገት

እኚህ ሰው የሌሉበት የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ የለም። ሱቁ ገና ሳይከፈት በር ላይ ናቸው። ሰው ሲበዛ መሀል ላይ ይቆማሉ። ዋጋ አይከራከሩም፣ ዱቤ አይጠይቁም። የሚፈልጉት መልስ ብቻ ነው፤ መልሱን ሲያገኙ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይወልዱለታል። ከዚያ ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ በክብር ተሰናብተው፣ ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ።

የጥጉ ሱቅ ባለቤት ሃያ ዓመት ምስማርና ቀለም ስትሸጥ የኖረች፣ ምላሷ የማይተኛ ሴት ናት። ለእኚህ ደንበኛዋ ማዕረግ ሰጥታቸዋለች፦ ክቡር አቶ ግን። ፊት ለፊት “ጋሼ” ትላቸዋለች። በሩን አልፈው ሲሄዱ ማዕረጋቸው ይመለስላቸዋል።

“ይሄ ኮላ ጥሩ ነው?” አሏት የመጀመሪያ ቀን።

“በጣም ጥሩ ነው፣ ጋሼ።”

“ግን የእንጨት ነው።”

“አዎ፣ የእንጨት ነው። እርስዎ ለምን ፈልገውት ነው?”

“ለሚዳቋ።”

ከኋላ የተሰለፈው ቧንቧ ሠራተኛ ሳቁ አመለጠው። ክቡርነታቸው ዘወር እንኳ አላሉም። ሥራቸውን ረጋ ብለው አስረዱ። የሞተ እንስሳ ቆዳ ያለፋሉ፤ ከጠንካራ ነጭ ፎም የተቀረጸ ገላ ላይ ያለብሱታል፤ ስፌቱ እንዳይታይ አድርገው ይሰፉና እንስሳውን እንደ ሕያው ያቆሙታል። ትምህርት ቤቶች ያሠሯቸዋል። አሁን ታዲያ የአንዲት ሚዳቋ የፎም ገላ አንገቷ ላይ ተሰብሮባቸዋል። ቆዳዋ ለፍቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተጠቅልሏል፤ ብዙ ከቆየ ደርቆ እንደ ካርቶን ይሰነጠቃል።

“ሌላ ገላ አይቀርጹላትም?” አለች።

“አይሆንም” አሉ። እዚህ ላይ ብቻ “ግን” የለም፣ ጥያቄ የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪሳቸውን የፎም ቁርጥራጭ ሞልተው ይመጡ ጀመር። ባንኮኒው ላይ ይደረድሩትና በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጠብታ ማጣበቂያ ጠብ ያስደርጋሉ። “እስቲ ይቅመስ” ይላሉ። ከዚያ የቀለም ጣሳ ላይ ቁጭ ብለው አንድ ሰዓት ይጠብቃሉ። ፍርፋሪው የሴትዮዋ ሹራብ ላይ እየተለጠፈ ቤቷ ድረስ ይከተላታል። “ያለ ሙጫ እንዲህ ለሚጣበቅ ነገር ሙጫ ለምን አስፈለገው?” ትላለች እያራገፈች።

ሱፐር ግሉ ቀመሰ፤ ፎሙን አቃጥሎ በሳው። ሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚሠራው ኢፖክሲ ያዘ።

“ግን ድንጋይ ሆነ” አሉ ክቡርነታቸው። “በብርጭቆ ወረቀት ሳሸው ፎሙ ያልቃል፣ እሱ ይቀራል። ከቆዳው ሥር እንደ ጅማት ይገተራል።”

የእንጨቱ ኮላ ተሞከረ። “ግን መሀሉ አየር አያገኝም። በሳምንትም አይደርቅ።” አንድ ቀን ሴትዮዋ ጫማ ሠሪዎች የሚወዱትን ማስቲሽ ስትከፍት ሰውዬው ውሻ እንደ መጣበት ሰው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። “ዝጊው፣ እህቴ። ዝጊው።”

ወረፋ የጠበቀው አናጺ አንድ ጠዋት ትዕግሥቱ አለቀ። “ጋሼ፣ ሙጫ ነው የሚመርጡት ወይስ ሚስት?”

“ሚስት ብትሆን ይቀለኝ ነበር” አሉ፣ ከፎማቸው ቀና ሳይሉ። “እሷ ካልተስማማት ትናገራለች።”

በሦስተኛው ሳምንት ሴትዮዋ አንድ ቡናማ ጠርሙስ አስመጣች። አንዱ ፊት በውኃ ይረጥባል፣ ሌላው ይቀባል፣ ይገጠማል። ማጣበቂያው እያበጠ ክፍተቱን ይሞላል፤ ሲደርቅም እንደ ፎሙ ይሞረዳል። አስቀመሱት፤ ፎሙን አልበላም። አድርቀው ቢስቡት ፎሙ ሌላ ቦታ ተሰበረ እንጂ መጋጠሚያው ንቅንቅ አላለም።

“እንግዲህ፣ ጋሼ?” አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

“ግን ያብጣል። ካልያዙት ገፍቶ ይለያየዋል።”

“ግማሽ ሰዓት ጥብቅ አድርገው ይያዙታ!”

“በገመድ ባስረው ፎሙን ይቆርጠዋል።”

“በእጅዎ ነዋ!”

“ግን…” አሉና ቆሙ። ሁለት እጃቸውን ባንኮኒው ላይ ዘርግተው አዩአቸው። “አንድ ሰው ጭንቅላቷን፣ አንድ ሰው ትከሻዋን መያዝ አለበት። የሚይዝልኝ ወንድም ጋሼ ነበር።”

“አሁን የት ናቸው?”

“ዐረፈ። ሁለት ወሩ። የቀረጻትም እሱ ነው። እኔ አለብሳለሁ እንጂ መቅረጽ አላውቅም።”

ሴትዮዋ ጠርሙሱን አነሣች፣ ቁልፏን አነሣች፣ በጠራራ ፀሐይ የሱቋን መዝጊያ አወረደች። አናጺው በዚያው እየመጣ ነበርና ደነገጠ። “ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?”

“አዎ” አለችና ቆለፈች።

የሰውዬው የሥራ ክፍል ጠባብ ነው። ሁለት ጠረጴዛ አለ፤ አንዱ ላይ መርፌና ክር፣ ሌላው ላይ ቢላና ሞረድ ተደርድሯል። ሚዳቋዋ ከመርፌው ጠረጴዛ ላይ ናት። እሳቸው አረጠቡ፣ ቀቡ፣ ገጠሙ። እሷ ጭንቅላቱን ጨብጣ ያዘች፤ እሳቸው ትከሻውን አቀፉ።

“በተቀበረ ማግሥት ነው” አሉ ወለሉን እያዩ። “የሱ ጠረጴዛ ላይ ቆማ ማየት አልቻልኩም። ላነሣት ስል ከእጄ ወደቀች። ወዲያው ሮጬ ከጫማ ሠሪው ማስቲሽ አመጣሁና ቀባኋት። ዓይኔ እያየ ፎሙ እንደ በረዶ ቀለጠ። የጥፍር ያህል አንገቷን ያስበላሁት እኔ ነኝ።”

አንገቷ ላይ፣ ከሴትዮዋ አፍንጫ ሥር፣ የእርሳስ ጽሑፍ ነበር። ቀራጺው ለአልባሹ የተወው ምልክት ነው። “እዚህ ሳብ አድርግ።” “እዚህ ላላ።” ጉሮሮዋ ዘንድ ደግሞ፦ “ቀስ በል፣ አንተ ችኩል።”

“ችኩሉ ማን ነው?” አለች።

“እኔ ነኛ።”

“እርስዎ?”

“ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ነገር ጠይቄ አላውቅም። ‘ቆይ’ የሚለኝ እሱ ነበር።” ግንባራቸውን ፎሙ ትከሻ ላይ አስደገፉ። “ነገ ቆዳዋን ስትለብስ ጽሑፉም ከሥር ይቀራል።”

ሴትዮዋ ጭንቅላቱን ይበልጥ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ሰዓቱ ከሳቸው ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ ነበር። ግማሽ ሰዓቱ ሞላ። አርባ ደቂቃ ሆነ። ክንዷ ዝሏል፤ ማጣበቂያው ከጠነከረ ቆይቷል።

“ደረሰ?” አሉ፣ ግንባራቸውን ከፎሙ ትከሻ ሳያነሡ።

ሰዓቱን አየች።

“ገና ነው፣ ጋሼ” አለች። “ይያዙት።”