ጋሽ ሰይድ በራቸው ላይ ያጠመዱት

የድሮ ሙያውን የማይረሳ አከራይ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ኮምቦልቻ ላይ ገጥሞኛል። ጋሽ ሰይድ ሐርቡ ሳሉ ማሽላ የሚጨርስ ጃርት ሲያጠምዱ ኖረዋል፤ አሁን ለእኛ ለፋብሪካ ሠራተኞች ቤት ያከራያሉ። ሰፈሩን ሌባ ሲያስቸግረው ሙያቸው ትዝ አላቸውና ሲባጎ ወጥረው ባዶ ጣሳ አንጠለጠሉበት። የት? ወጥመድ መቼም ዱካ በበዛበት ነው የሚጠመደው፤ የግቢው በር ላይ!

አመሻሽ ላይ ከሥራ ስገባ ሲባጎው እግሬን ጠለፈኝ። ጣሳው ተንኳኳ፤ ጎረቤቱ ዱላ ይዞ ወጣ። ጋሽ ሰይድ ጎንበስ ብለው ጫማዬን ጭቃው ላይ ካለው ዱካ ጋር አስተያዩና፣ "ወላሂ እሱ ነው! በየቀኑ የሚመጣው!" አሉ።

"ጋሽ ሰይድ፣ እኔ እኮ ተከራይዎ ነኝ!"

"መሆንህን መች አጣሁት? ዱካው ግን ያንተ ነው።"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? እኔ ራሴን ተጠራጠርኩ።

ከዚያ ወዲህ ተከራዮቹ ሁሉ በጓሮ አጥር ዘለን ነው የምንገባው፤ በዚያ በኩል ወጥመድ የለማ። ትናንት ጋሽ ሰይድ ዝም ያለውን ጣሳ እያዩ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ሌባው ቀረ" አሉኝ።

እኔም አጥሩ ላይ እንደተንጠለጠልኩ "አልሐምዱሊላህ" አልኳቸው።