ስንት ዋጡ?

ሲስተር ገላኔ ሰላምታዋን ሳትጨርስ ጣቶቿ የባለቤቴ የማሞ ቀበቶ ውስጥ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጣት ነበር የሚያስገባው፤ ዛሬ ሦስተኛውም ገባ። "ስንት ዋጡ?" ትለዋለች።

በየሰፈሩ እንዲህ ያለች አንዲት ነርስ አትጠፋም። ሰው ደህንነቱን ሲነግራት እሷ አንገቱን አይታ የጎደለውን ኪሎ ታውቃለች። የእኛዋ፣ ክብርት የምላስና የጉሮሮ ሚኒስትር፣ የካንሰር ሕሙማን ስታስታምም ውላ ጀሞ ስትመለስ ከራሷ ቤት በፊት የምትገባው እኛ ዘንድ ነው።

ሕጓ ብዙ ነው። ሽታው ያስጠላዋል ብላ ሽንኩርት ቤት ውስጥ እንዳይቁላላ ከለከለች። ማሞ ምግቡ ብረት ብረት ሲለው፣ የሹካና የማንኪያ ዘር ከቤት አስወጥታ የእንጨት ማንኪያ አስያዘችው። ትልቁን ሰሃን ቀምታኝ በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ እንዳቀርብ አዘዘችኝ። የእድሩን ሊቀመንበር ጋሽ ኮርሳን እንኳ "እንዴት ከሳህ" ስላሉት በረንዳ አስወጥታ መክራቸዋለች።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ማሞ ሁለት ኪሎ ከቀነሰ፣ ሰውነቱ ስለማይችለው ቀጣዩ ኬሞ እንደሚቆይ ሐኪሙ ነግሮናል። እኔ ሰሃኑ ባዶውን ሲመለስ ፈጣሪን አመሰግናለሁ፤ ኪሎው ግን ይወርዳል።

አንድ ቅዳሜ ገላኔ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል። ማሞ ጋሽ ኮርሳን አጎረሰ፣ ጎረቤታችንን ተናኘን አጎረሰ፣ እኔንም አጎረሰ። "በሞቴ" እያለ ሲዘረጋ የበሽተኛ ጉርሻ ማን ይመልሳል? አላምጠን መረቅነው። ጋሽ ኮርሳማ እሱን መጠየቅ ከጀመሩ ወዲህ የሱሪያቸው ቁልፍ አልገጥም ብሏል።

"እማማ፣" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "እርስዎ ሰሃኑን ነው የሚያዩት። የአባባን ጉሮሮ ይዩ። አንድም አልወረደም።"

አፈርኩ። ስንት ቀን ምሳውን ስበላበት ከርሜአለሁ።

ትቆጣዋለች ስል አጠገቡ ሄዳ ቁጭ አለች። "አባባ፣ እኔም ከጠዋት ጀምሮ አልቀመስኩም። አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእርስዎ።"

እውነቷን ነበር፤ ከንፈሯ ደርቋል። የሰው ጉርሻ ስትቆጥር የራሷን ረስታለች። ማሞ ደግሞ እንግዳ አስርቦ አያውቅም። አጎረሳት። እሷም አፉን እያየች ጠበቀችው። ጥፍር የምታህል ቆርሶ ዋጠ። እንዲህ እያሉ አራት ደረሱ።

ይኸው ሦስት ሳምንት፣ ኪሎው ባለበት ቆሟል፤ ገላኔም ረሃቧን ይዛ ትመጣለች። ቤቴን የገዛችብኝ እሷ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲያልፍ ደጅ ደጁን የማየው እኔ።

እናንተም ማሞን ልትጠይቁ ስትመጡ፣ "በሞቴ" እያለ ቢዘረጋላችሁ እንኳ፣ እባካችሁ እሱ ሳይውጥ አፋችሁን አትክፈቱብኝ።