እትዬ ይታይ እና ተራ የማይጠብቀው ስብስብ

በየመሥሪያ ቤቱ ቢያንስ አንድ የማያምን ሰው አለ። ከሌለ መሥሪያ ቤቱን ራሱን ጠርጥሩት። ነጋ ሲባል መስኮት ይከፍታል፤ ዘነበ ሲባል እጁን ያወጣል፤ እጁ ከረጠበ ደግሞ ከላይ ውኃ የደፋ ሰው እንዳለ ቀና ብሎ ያያል።

የእኛዋ ክብርት እትዬ ይታይ ይባላሉ። ስማቸው አይደለም፤ ከአፋቸው ከማይጠፋው «እስቲ ይታይ» የወጣላቸው ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም በምንጽፍበት ክፍል በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉ፤ በጥርጣሬ ደግሞ የሚደርስባቸው የለም። ሊፍት ሲከፈት ወለሉ መኖሩን በጫማቸው ጫፍ ነካ አድርገው ነው የሚገቡት። ባለቤታቸው እንዳጫወቱኝ፣ ገና እንደተጋቡ አንድ ማታ «እወድሻለሁ» ቢሏቸው «ምን ሰበርክ?» ብለው በቀጥታ ወደ ጓዳ ገቡ። እውነትም ብርጭቆ ተሰብሮ ነበር።

ከሁሉ አብልጠው የሚጠረጥሩት ግን ሴትን ነው። የሔዋንን ልጆች ማለቴ አይደለም። በእኛ ሙያ ሴት የሚባል የውጭ ቃል አለ፤ ብዙ ነገሮችን አንድ ላይ የሚይዝ ስብስብ ነው። ጠባዩ ግን ለየት ይላል። ተራ አይጠብቅም፤ አንድን ነገርም ሁለት ጊዜ አያስገባም። ሦስተኛውን አምጣ ቢሉት ሦስተኛ የሚባል ነገር አያውቅም። ያለው ዘዴ አንዱን ሲሰጥ ተቀብሎ «ሌላስ?» እያሉ እስኪያልቅ ድረስ መዞር ብቻ ነው።

እትዬ ይታይ ይህን ጠባይ ሊታገሡት አልቻሉም። ሦስተኛው ማን እንደሆነ የማይናገር፣ ዛሬ ፊት ያወጣውን ነገ ኋላ የሚያወጣ፣ የሰጡትን ነገር ድምፁን አጥፍቶ የሚጥል ዕቃ በእሳቸው ዓይን ያልተያዘ ሌባ ነው።

አንድ ጊዜ ለአንድ መዋዕለ ሕፃናት ፕሮግራም ጻፍኩ። ግቢው ከሰዓቱ ቀድሞ መዘጋት ሲኖርበት፣ ፕሮግራሙ በሴቱ ውስጥ ያሉትን ሕፃናት አንድ በአንድ እየዞረ ለየወላጁ «ልጅዎን ይውሰዱ» የሚል መልእክት ይልካል። ሞከርኩት፤ ሠራ። አለቃችን ከሰዓት በኋላ ሊያስረክበው ኮቱን ለብሶ ተዘጋጀ። ይሄኔ እትዬ ይታይ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

መሥራቱን ማን እንደነገረኝ ጠየቁኝ። ምንም ስህተት አላሳየም አልኳቸው።

«ዝም ያለ ሁሉ ንጹሕ ነው እንዴ?» አሉ።

ፕሮግራሙ መልእክቱን ትቶ ስም ብቻ እንዲያወጣ አስደረጉኝ። ከዚያ መዋዕለ ሕፃናቱ ጋ ደውለው አስተማሪዋን ልጆቹን ሜዳ ላይ እንድታወጣ ለመኗት። እኔ የወጣውን ስም እጠራለሁ፤ የተጠራው ልጅ «አለሁ» ብሎ ወደ ክፍል ይገባል። አለቃችን ሰዓቱን ያያል። እኔ በኀፍረት አንገቴን ደፍቻለሁ፤ ለነገሩ ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ይስቃሉ።

ስሙ ተጠርቶ አለቀ። አስተማሪዋ ግን ስልኩን አልዘጋችም። አንዲት ልጅ ሜዳው ላይ ቀርታለች አለች። ስሟን ስትነግረኝ ጠርቻታለሁ ብዬ ተከራከርኩ። የገባችው ሌላዋ ናት፣ የሁለቱ ስም እስከ አባታቸው አንድ ነው ብላ አስረዳችኝ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እኔስ?»

ስም ከነአባት አንድ ከሆነ ልጁም አንድ ነው ብዬ ለፕሮግራሙ የነገርኩት እኔ ነኝ። ሴቱም ቃሌን አምኖ፣ ሁለተኛዋን እንደ ድጋሚ ቆጥሮ ሳያስገባት ቀርቷል። አንድ ቀን ሌሎቹ በየእናት በየአባታቸው እጅ ተይዘው ሲሄዱ፣ ይህች ልጅ በር በሩን እያየች ትቀር ነበር።

አለቃችን ኮቱን አወለቀ። እትዬ ይታይ «አላልኩም?» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«አንቺም አለሽ፣ የኔ እናት። በይ ግቢ፣ እንዳይበርድሽ» አሉ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

ልጆቹ በስማቸው ሳይሆን በየራሳቸው መለያ ቁጥር እንዲለዩ አድርጌ አስተካከልኩት። እትዬ ይታይ አላመኑኝም። አስተማሪዋን እንደገና ለምነው ልጆቹን በሙሉ ሜዳ አስወጧቸው። በዚህኛው ጊዜ ሜዳው ባዶ ሆነ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አለቃችን ለብቻዬ ጠራኝ። እትዬ ይታይ ሥራ ስለሚያጓትቱ ወደ ላይኛው ፎቅ ሊያዛውራቸው ማሰቡን ነገረኝ። አብልጠው የሚነዘንዙት እኔን ስለሆነ ደስ የሚለኝ መስሎታል። ጠረጴዛቸው ከእኔ ጠረጴዛ ጎን ይሁን አልኩት። ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ አልተለወጥኩም።

ወሬው ደረሳቸውና መጡ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ጎኔ ይሁኑ አልክ አሉ። ምን ፈልገህ ነው?»

ምንም አልኳቸው። እሳቸው ሳያዩት የሚወጣ ሥራ እንቅልፍ እየነሳኝ እንደሆነ ብነግራቸው ኖሮ ይብሱን ይጠረጥሩኝ ነበር። ወንበራቸውን እየጎተቱ አመጡ፤ እግሮቹን ነቅነቅ አድርገው ፈተሹና ተቀመጡ። ከዚያ የኮምፒውተሬን ስክሪን በጣታቸው ገፋ አድርገው ወደ ራሳቸው አዞሩት።

ተውኳቸው።