የጋሼ ዘመድኩን ባለ ቧንቧ ኦርጋን

በዚህ ከተማ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላኪ አለበት። ላኪ ማለት ያየውን ነገር ብቻውን አይቶ ማለፍ የማይችል ፍጡር ነው። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ቪዲዮውን ይልክላችኋል፤ ውሃ የሚፈልገው ከዚያ በኋላ ነው። ለአንዳንዱ ሰው ላኪው አክስቱ ናት፣ ለአንዳንዱ የሥራ ባልደረባው። ለእኔ እጣዬ ሆኖ ክቡር ጋሼ ዘመድኩን ደረሱኝ።

ጋሼ ዘመድኩን እህል በረንዳ ባዶ ጆንያ ይሸጣሉ። እኔ ከሱቃቸው ፊት ለፊት ምስርና አተር እየለቀምኩ እቸረችራለሁ። ጠዋት ራጉኤልን ሳይሳለሙ ሱቅ የማይከፍቱ፣ ልጅ የሌላቸው፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ነበሩ ነው የምለው። ስማርት ስልክ ሲገዙ መጀመሪያ የነጭ ሽንኩርት መድኃኒት ላኩልኝ። ከዚያ በውሃ የሚሄድ መኪና። ቻልኩት። በሕይወቴ ያልቻልኩት ነገር የለም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መዝሙር ከፍተው ጆንያው ላይ ጋደም አሉ። ዩቲዩብ ደግሞ ሰው ሲተኛበት በራሱ መንገድ ይሄዳል። ከዚያ በባዶ እግራቸው መንገዱን ተሻግረው ሲሮጡ አየሁ።

"ፍቅርአዲስ! ምጽአት ነው! መለከት ተነፋ!"

ስልኩን ተቀብዬ አየሁ። አንድ ፈረንጅ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል። ከፊቱ ግድግዳውን ሞልቶ የቆመ ቧንቧ አለ፣ የአውቶቡስ ተራን ሆቴሎች የሚያህል። ቧንቧው ሁሉ ባንድ ላይ ይጮሃል። ከዚያች ትንሽ ስልክ መሬት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ! አልዋሽም፣ እኔም ምስሩን ደፋሁት።

ከሥር የተጻፈውን እንደምንም አንብቤ "ኦርጋን ነው ጋሼ" አልኳቸው።

"ኦርጋንማ የሰርግ ቤቱ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው። ይኼ እኮ ሕንፃ ነው!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አላየሁም። የጀርመን ኦርጋን፣ የፖላንድ ኦርጋን፣ ቧንቧው ከእንጨት የሆነ ኦርጋን። ከእያንዳንዱ በታች የድምፅ መልእክት አለ፤ "ፍቅርዬ፣ በጆሮ ማዳመጫ ነው ታዲያ! እስከ መጨረሻው!" እስከ መጨረሻው ማለት አንዳንዴ ደብረ ብርሃን ደርሶ የሚያስመልስ ጊዜ ነው። ልከው ዝም ቢሉ ጥሩ ነበር። መንገዱን ተሻግረው ይመጣሉ።

"ሰማሽው?"

"ሰማሁ።"

"መሀል ላይ ዝም ብሎ እንደገና ሲነሳስ?"

"ደነገጥኩ።"

"አይደል!" ይላሉ፣ ኦርጋኑን ራሳቸው የሠሩት ይመስል።

ቀጥለው፣ የአንድ ሰፈር ሰዎች ነንና፣ ለእድራችን ግሩፕ ላኩ። በእድራችን ቴሌግራም መርዶና የስብሰባ ጥሪ እንጂ ሌላ ነገር ገብቶ አያውቅም። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ወልደሚካኤል "ይህ የሐዘን ግሩፕ ነው" ብለው ጻፉ። ጋሼ ዘመድኩን "ይኼም ሐዘን አለበት፣ እስከ መጨረሻው ይስሙት" ብለው መለሱ። የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን መሣሪያ ስለሆነ ሃይማኖት ቀይረዋል ተብሎ ተወራ። ሰው ሲሞት ሰፈሩን እየዞረ ጥሩምባ የሚነፋልን ረዲ ብቻ "ሰውዬው ምን ዓይነት ሳንባ ነው ያለው?" ሲል ጠየቀ።

ማንም እንደማይከፍትላቸው ሲገባቸው የመኪና ጎማ የሚያህል ስፒከር ገዙ። እሁድ ጎህ ሲቀድ ቤታቸው ደጃፍ ላይ አስቀመጡና ካላቸው ኦርጋን ሁሉ ድምፀ ወፍራሙን ለቀቁት። አንድ ረጅም ድምፅ። ዝም። እንደገና አንድ ረጅም ድምፅ።

እኛ ሰፈር በዚያ ሰዓት እንደዚያ የሚጮኸው የእድር ጥሩምባ ብቻ ነው።

በሩ ሁሉ ተከፈተ። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ወጣን። "ማን ነው? ማን ነው?" ስንባባል፣ ማን እንደተናገረው እስከ ዛሬ አይታወቅም፣ "እትዬ ቦሰና ናቸው፣ ሰሞኑን አሟቸው ነበር" የሚል ቃል መጣ። ከዚያማ ማን ይያዘን። ጎረምሶች የድንኳኑን ብረት ማውጣት ጀመሩ። አቶ ወልደሚካኤል፣ ዝምድና ሳይኖራቸው፣ "እህቴን! እህቴን!" እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ረዲ ጥሩምባውን እንዳነገተ እየሮጠ መጣ፤ "እኔ ሳልነፋ ማን ነፋው?" እያለ። እኔም እያለቀስኩ በራቸው ላይ ስደርስ በሩ ተከፈተ። ራሳቸው እትዬ ቦሰና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እንባቸውን እየጠረጉ ወጡ።

"ወይኔ! ማንን ነው ያጣነው?" አሉን።

ሁለት ሴቶች ወደቁ። የቀረነው አፋችንን ከፍተን ቆምን። ያኔ ድምፁ ከጋሼ ዘመድኩን ደጃፍ አንዴ ደገመ።

ከሰዓት በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። አቶ ወልደሚካኤል ድምፃቸው በጠዋቱ ለቅሶ እንደሻከረ "ያለ ሬሳ መርዶ ያስነገረ ሰው ከእድሩ ይሰረዝ" አሉ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። የእኔ ራስ እምቢ አለኝ፣ እሱም አስደነገጠኝ። ከእድር መሰረዝ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ልጅ ለሌለው፣ ዘመዱ ሩቅ ለሆነ ሽማግሌ ድንኳን የሚተክልለትም፣ አስከሬኑን የሚሸከምለትም እድሩ ብቻ ነው።

ጋሼ ዘመድኩን ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

"ሰው ላስደነግጥ ብዬ አይደለም" አሉ። "ባለቤቴ በሕይወት እያለች ደስ የሚል ነገር ስሰማ ዞር ብዬ 'ሰማሽ?' እላት ነበር። አሁን ስዞር ግድግዳ ነው።"

ኮፍያቸውን መልሰው ደፍተው ተቀመጡ። ያኔ እትዬ ቦሰና ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ።

"ሟቿ እኔ ነኝ" አሉ። "የሟች ቃል ይሰማ። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ እንደምትወዱኝ በምን ላውቅ? ይኼ ወልደሚካኤል ለወትሮው 'ደህና አደርሽ' ለማለት አፉ የሚከብደው፣ ዛሬ 'እህቴን' እያለ ደረቱን ሲደቃ በዓይኔ አየሁ። ሰው ሞቶ የማያየውን እኔ ቆሜ አየሁ። ዘመድኩንን ከሰረዛችሁት እኔንም ሰርዙኝ። እርስ በርሳችን እንቀባበራለን።"

"የኋለኛውንስ ማን ይቀብራል?" አለ ረዲ።

"አንተ! ሥራ ፈትተህ የለም እንዴ!"

እድር ውስጥ እንደዚያ ሲሳቅ ሰምቼ አላውቅም። አቶ ወልደሚካኤል ብቻ መሬት መሬት ያዩ ነበር። መጨረሻ ላይ ተወሰነ፤ ጋሼ ዘመድኩን በእድሩ ይቀጥላሉ፣ ኦርጋን ግን ለአንድም አባል አይልኩም፣ በስፒከርም አያሰሙም። ቃል ገቡ።

ስልኬ አረፈ። እኔም እፎይ ብዬ ምስሬን መልቀም ያዝኩ። ግን እጄ ሳላዘው ተነስቶ ቴሌግራም ይከፍታል። ባዶ ነው። ፊት ለፊት ጋሼ ዘመድኩን ኮፍያቸውን እስከ ጆሯቸው ደፍተው ጆንያ ይሰፋሉ፣ ቀና ብለው አያዩኝም። ከድንጋጤዎቼ ሁሉ የከፋው ይኼ ሆነ። ኦርጋን ናፈቀኝ! እኔን!

ተነስቼ ሄድኩ።

"ጋሼ ዘመድኩን፣ ስልክዎ ተበላሸ እንዴ?"

"ቃል ገብቻለሁ አይደል፣ ፍቅርዬ።"

"ቃል የገቡት እንዳይልኩ ነው። ሰው በእግሩ መጥቶ ቢሰማ እድሩ ምን አገባው?"

ግራ ቀኝ አዩና በአገጫቸው ወደ ውስጥ ጠቆሙኝ። ገባሁ። ከጆንያው ክምር ኋላ አቶ ወልደሚካኤል ተቀምጠዋል። አንድ ገመድ አልባ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ሲያዩኝ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ ደነገጡ።

"በሩን ገርበብ አድርጊው እንጂ" አሉኝ። "ረዲ እንዳያየን።"

ጋሼ ዘመድኩን ከኮፍያቸው ሥር ሁለተኛውን ማዳመጫ ነቅለው ሰጡኝ።

"እርስዎስ?" አልኳቸው።

"ግዴለም፣ እኔ ሰምቼዋለሁ።"

በቀስታ ጀመረ። ከዚያ ቧንቧው ሁሉ ባንዴ ሲነሳ ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ፤ አቶ ወልደሚካኤልም ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። ጋሼ ዘመድኩን ከፊታችን ቁጢጥ ብለው አንዴ የእኔን፣ አንዴ የሳቸውን ፊት ያያሉ። አንዲት ድምፅ አይሰሙም። ፊታቸው ግን እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም።